ቪዛ እጄ ላይ እያለ ቼክ ኢን ላይ መለሱኝ፤ ለአጭር ጉዞ በትክክል የሚፈለገው ምንድነው?

መንገደኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ሌሊት ከኤርፖርት ሻንጣዬን እየጎተትኩ ተመለስኩ። እስካሁን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እዚህ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው የምጽፈው።

ታናሽ እህቴ የፊታችን ሳምንት ትመረቃለች። ጥቂት ቀን ቆይቼ ልመለስ ነበር። ብዙ የአውሮፓ ሀገሮች በጋራ የሚቀበሉት የሼንገን ቪዛዬ ፓስፖርቴ ላይ ተለጥፏል። ሁለት ወር ለፍቼበታለሁ። የባንክ ስቴትመንቱ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤው፣ ግብዣው፣ ኢንሹራንሱ፣ ሁሉም ተሟልቶ ነው የተሰጠኝ።

ቼክ ኢን ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቴን አገላብጣ አየች። ኮምፒውተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ከዚያ «የመሸጋገሪያው ሀገር ቪዛ የለሽም፣ ልንጭንሽ አንችልም» አለችኝ። እዚያ የምቆየው አምስት ሰዓት ብቻ ነው። ከኤርፖርት የመውጣት ሐሳብም አልነበረኝም። ብለምናት ብለምናት እሺ አላለችም።

ትኬቱን ለየብቻ ነው የገዛሁት። እስከ መሸጋገሪያው በአንድ አየር መንገድ፣ ከዚያ እስከ መድረሻው በሌላ። በዋጋ በጣም ስለሚሻል ነው።

ቪዛ ካለኝ ሌላ ምን ይፈለጋል? የሚወስነውስ ማነው? ምርቃቱ እንዲያመልጠኝ አልፈልግም።

ካውንተር 11

እህቴ፣ አይዞሽ። ዘጠኝ ዓመት ቼክ ኢን ላይ ሠርቻለሁ። ያንቺን የመሰለ ነገር በስንቱ ሰው ላይ አይቻለሁ። ሰው እያለቀሰ «አትሄድም» ማለት ለሠራተኛውም ቀላል አይደለም።

ለአጭር ጉዞ የምታልፊው በር ሦስት ነው። አንደኛው ኤምባሲው ነው። ሁለተኛው አየር መንገዱ። ሦስተኛው ስትደርሺ የሚያገኝሽ የድንበር ኦፊሰር። ብዙ ሰው ቪዛ ሲያገኝ ሦስቱንም ያለፈ ይመስለዋል። አንቺ ያለፍሽው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ ከራሷ አይደለም የተናገረችው። ታይማቲክ የሚባል ሲስተም አለ። የሚያዘጋጀው አያታ፣ ማለትም የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር ነው። ዜግነትሽን፣ መነሻሽን፣ መሸጋገሪያሽንና መድረሻሽን ስታስገባ የሚያስፈልገውን ሰነድ ያወጣላታል። ቪዛ ያስፈልጋል ካለ አለቀ። ሰነዱ ያልተሟላ ሰው ካደረሱ አየር መንገዱ ይቀጣል። በብሪታኒያ ለምሳሌ ቅጣቱ በአንድ መንገደኛ እስከ 2,000 ፓውንድ ይደርሳል። ሰውየውን መልሶ የማምጣት ግዴታም አለባቸው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የመለሰሽ አምስት ሰዓቱ አይደለም፤ ሁለት ትኬት መሆኑ ነው። በአንድ ትኬት ብትሄጂ ሻንጣሽ እስከ መድረሻው ታግ ይደረግ ነበር። ሁለተኛውን ቦርዲንግ ፓስም እዚሁ ትቀበዪ ነበር። መሃል ላይ ትራንዚት አዳራሽ ቁጭ ብለሽ ታልፊያለሽ። ለየብቻ ሲሆን ግን ሁለቱ አየር መንገዶች አይተዋወቁም። ሻንጣሽን ለማውጣት ኢሚግሬሽን ማለፍ አለብሽ። ከዚያ ተመልሰሽ እንደ አዲስ ቼክ ኢን ታደርጊያለሽ። ኢሚግሬሽን ካለፍሽ ደግሞ ለአሥር ደቂቃም ቢሆን ሀገሩ ገብተሻል። ቪዛ የተጠየቅሽው ለዚያ ነው።

ደመና ላይ

ካውንተር 11 ይቅርታ፣ እኔ ግን አልስማማም። ከኤርፖርት እስካልወጣህ ድረስ ትራንዚት ቪዛ አያስፈልግም። ሦስት ጊዜ በሦስት የተለያዩ ሀገሮች አልፌያለሁ። የእጅ ሻንጣ ብቻ ይዛ ብትሄድ ኖሮ ችግር አልነበረም።

ካውንተር 11

ወንድሜ፣ አንተ ያለፍክባቸው ሀገሮች ፈቅደውልሃል። ሁሉም ግን እንደዚያ አይደሉም።

አሜሪካ ከኢሚግሬሽን ወዲህ ቆይተህ የምታልፍበት የትራንዚት አዳራሽ የላትም። ለሁለት ሰዓትም ብትሆን ኢሚግሬሽን ፊት ትቀርባለህ። ስለዚህ የትራንዚት ቪዛ ወይም ሌላ የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልግሃል። ብሪታኒያ ደግሞ ለአንዳንድ ዜጎች ኢሚግሬሽን ሳያልፉ እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ትጠይቃለች።

ሼንገንም የራሱ ዝርዝር አለው። የ12 ሀገሮች ፓስፖርት የያዘ ሰው በየትኛውም የሼንገን ኤርፖርት ከአዳራሹ ሳይወጣ ለማለፍ እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ሶማሊያ፣ ናይጄሪያና ጋና እዚያ ዝርዝር ውስጥ አሉ። የሼንገን ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ነፃ ነው። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛው ጊዜው ያላለፈበትም እንዲሁ።

አንድ ሰው የማይጠረጥረው ነገር ልጨምር። በፍራንክፈርት ገብቶ ሮም ላይ አውሮፕላን ቀይሮ ከሼንገን የሚወጣ ሰው የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ አይበቃውም። ከፍራንክፈርት ሮም የሚደረገው በረራ ልክ እንደ ሀገር ውስጥ በረራ ነው። ፍራንክፈርት ላይ ሼንገን ገብቷል ማለት ነው። መደበኛው የሼንገን ቪዛ ይጠየቃል።

የእጅ ሻንጣው ነገር አንዳንዴ ይሠራል። ሁለተኛውን ቦርዲንግ ፓስ ቀድመሽ ኦንላይን ካወጣሽና ሀገሩ ያለ ቪዛ ማለፍ ከፈቀደ ይቻላል። ነገር ግን የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅሽም። ገንዘቡንም የሚመልስልሽ የለም።

ደመና ላይ

የፍራንክፈርትና የሮሙን አላውቅም ነበር። ያልኩትን አንስቻለሁ። መንገደኛዋ፣ እኔን ሰምተሽ እንዳትሄጂ።

አሮጌ ሻንጣ

ልጄ፣ በርቺ። እኔ የተመለስኩት በሌላ ምክንያት ነው። ለአንድ ሳምንት ስብሰባ ልሄድ ነበር። ፓስፖርቴ ጊዜው አላለፈም። አምስት ወር ከአሥር ቀን ይቀረዋል። የምሄድበት ሀገር ግን ስድስት ወር ይፈልጋል። የጎደለው ሃያ ቀን ነው። ሃያ ቀን! ንግግሬን አዘጋጅቼ፣ ሰው ተሰብስቦ እየጠበቀኝ ቀረሁ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለልጆቼ የምለው ይህንን ነው። ፓስፖርታችሁ ከስድስት ወር በታች ከቀረው እንደ ሞተ ቁጠሩት። ባዶ ገጹንም ቁጠሩ። ብዙ ሀገሮች አንድ ወይም ሁለት ሙሉ ባዶ ገጽ ይፈልጋሉ። መጨረሻ ላይ ያሉት የማስታወሻ ገጾች ደግሞ አይቆጠሩም።

የቀን ቆጣሪ

ጋሼ፣ ምክርዎ ጥሩ ነው። እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። አንባቢ እንዳይሳሳት ግን ስድስት ወር የሁሉም ሀገር ሕግ አይደለም። ሲንጋፖርና ኢንዶኔዥያ ስድስት ወር ይላሉ። ሼንገን የሚለው ከዚያ ከወጣችሁ በኋላ ሦስት ወር እንዲቀረው ነው። በተጨማሪም ፓስፖርቱ የተሰጠው ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ መሆን አለበት። ብሪታኒያ ደግሞ የምትፈልገው ለቆይታችሁ ጊዜ ብቻ የጸና እንዲሆን ነው። አራት ወር የቀረው ፓስፖርት ይዞ አስቸኳይ ጉዞ የገጠመው ሰው ይህን ካላወቀ መሄድ ሲችል ይቀራል።

አሮጌ ሻንጣ

እውነትህን ነው። ለአስቸኳይ ጉዞ የምትለው ትክክል ነው። ጊዜ ያለው ግን ያሳድስ።

መንገደኛዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስታለቅስ ያደረች እህት አለችኝ፤ መልሳችሁን አንብቤላታለሁ። ፓስፖርቴ ሦስት ዓመት ይቀረዋል፣ እሱ ይሁን።

አሁን በአንድ ትኬት፣ ቪዛ በማይጠይቅ መሸጋገሪያ በኩል እየፈለግኩ ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቪዛው ላይ ከ03 እስከ 27 ይላል። ከሥሩ የቆይታ ቀን 10 ይላል። 25 ቀን ነው ወይስ 10? ሌላው፣ ከእህቴ ጋር ለሁለት ቀን ለንደን ደርሰን ልንመለስ አስበን ነበር። ይቻላል?

የቀን ቆጣሪ

መጀመሪያ ለንደኑን ተዪው። ብሪታኒያ ሼንገን ውስጥ የለችም። የራሷን ቪዛ ትጠይቅሻለች። አየርላንድና ቆጵሮስም የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነው ሼንገን ውስጥ የሉም። ከዚያ የባሰው ደግሞ መመለሻው ነው። ስቲከሩ ላይ የመግቢያ ብዛት የሚል ቦታ አለ። እዚያ «1» ካለ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትገቢው። ለንደን ብትሄጂ ቪዛሽ እዚያው ያልቃል። ተመልሰሽ አትገቢም። «2» ወይም «ሙልት»፣ ማለትም ብዙ ጊዜ መግባት የሚፈቅድ ቢል ሌላ ነገር ነበር። በሼንገን 29 ሀገሮች ውስጥ ግን እንደልብሽ መዘዋወር ትችያለሽ።

ቀኑን በተመለከተ መልሱ 10 ነው። ከ03 እስከ 27 ያለው መስኮቱ ነው። ጉዞ ቢዘገይ ተብሎ ብዙ ጊዜ በቆይታው ላይ 15 ቀን ይጨመርበታል። ለአንቺ አሁን የጠቀመሽም እሱ ነው። በመስኮቱ ውስጥ ግን ከ10 ቀን በላይ መቆየት አትችይም። የገባሽበት ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል። የምትወጪበትም ቀን ይቆጠራል። ሰው የሚሳሳተው ሌሊቱን ስለሚቆጥር ነው።

እናት የሁለት

የቀን ቆጣሪ፣ ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ የ90 እና የ180ውን ነገር ብታስረዳኝ። ባለቤቴ ሙልት ቪዛ አለው። «ወጥቼ ስመለስ 90 ቀኑ እንደ አዲስ ይጀምራል» ይላል። እኔ አላመንኩትም።

የቀን ቆጣሪ

አለማመንሽ ትክክል ነው። እንደ አዲስ አይጀምርም። እዚያ በምትሆኚበት በእያንዳንዱ ቀን ወደ ኋላ 180 ቀን ይቆጠራል። በዚያ ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይቻልም።

በምሳሌ ልንገርሽ። ባለቤትሽ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 1 ቀን 2026 ቆየ እንበል። 60 ቀን ሆነ። ሜይ 20 ተመልሶ ቢገባ የቀረው 30 ቀን ብቻ ነው። ጁን 18 መውጣት አለበት። ጁን 19 ካደረ 91ኛው ቀን ነው፤ ሕግ ጥሷል። ግን ጁላይ 10 ቢገባ ነገሩ ይለወጣል። በዚያን ጊዜ የጃንዋሪ ቀኖች ከ180ው ውስጥ አንድ በአንድ እየወጡ ናቸው። አንድ አዲስ ቀን ሲጨምር አንድ አሮጌ ይወጣለታል። 40 ቀን ቢቆይም ችግር የለበትም።

የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽን ገጽ ላይ ማስያ አለ፣ እሱን ተጠቀሙ። ደግሞ አሁን ማህተም ፈልጎ የሚቆጥር ኦፊሰር እየቀረ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ አሻራና የፊት ፎቶ የሚመዘግብ አዲስ የመግቢያና የመውጫ ሲስተም ጀምረዋል። ቀኑን ኮምፒውተሩ ራሱ ይቆጥራል።

እናት የሁለት

ዛሬ ማታ አነብለታለሁ። ስለ ልጆች የማውቀውን እኔም ልጨምር። ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ ወይም ከአያት ጋር ሲሄድ የሌላው ወላጅ የስምምነት ደብዳቤና የልደት ምስክር ወረቀት ያዙ። ሁሉም ሀገር በሕግ አያስገድድም። ነገር ግን ልጅ እንዳይጠለፍ ስለሚፈሩ ይጠይቃሉ። እኔ ልጄ አጠገቤ ቆማ እያየች «አባቷ ያውቃል?» ተብዬ ተጠይቄያለሁ። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበር በአምስት ደቂቃ አለፍኩ።

አጭር ጉዞ

እኔ የያዝኩት ፓስፖርት ብዙ ቦታ ቪዛ አያስጠይቀኝም። እና ይሄ ሁሉ አይመለከተኝም ብዬ ስከተል ነበር። ልክ ነኝ?

ካውንተር 11

በጭራሽ። ያንተን ዓይነት ፓስፖርት የያዙ ሰዎችንም መልሻለሁ። ቪዛ ከማይጠይቁ ሀገሮች አንዳንዶቹ አሁን ቀድሞ የሚወጣ የኦንላይን ፈቃድ ይጠይቃሉ። የአሜሪካው ኢስታ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይቆያል፣ በአንድ ጉዞ ግን እስከ 90 ቀን ብቻ ነው። ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት አመልክቱ ይላሉ። ብሪታኒያም ኢቲኤ የሚባል አላት። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ቪዛን አስቀርታ በኢቲኤ ተክታለች።

ፈቃዱ የሚታሰረው ከፓስፖርቱ ቁጥር ጋር ነው። ፓስፖርት ካሳደስክ የድሮው ኢስታ አይሠራም። ስንት ሰው በዚህ ቀርቷል።

ፈቃዱን ስታወጣ ደግሞ ከመንግሥት ገጽ መሆኑን አረጋግጥ። ጉግል ላይ መጀመሪያ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያ ነው። ሦስት እጥፍ አስከፍለው ያንኑ ፎርም የሚሞሉልህ አሉ። ገንዘቡን ወስደው የሚጠፉም አሉ። የአሜሪካው መጨረሻው «ዶት ጎቭ» ነው።

ደመና ላይ

ሌላ ጥያቄ ልጠይቅ። ለቪዛ ማመልከቻ ትኬት አሳይ ይላሉ። ገዝቼ ቪዛ ብከለከልስ? አንድ ሰው የውሸት ትኬትና ስቴትመንት ልሥራልህ ብሎኛል።

አሮጌ ሻንጣ

ልጄ፣ እሱን ሰው ራቀው። ከልቤ ነው የምልህ። ቪዛ መከለከል ይታለፋል፣ አስተካክለህ ደግመህ ታመለክታለህ። የሐሰት ሰነድ ግን ስምህ ላይ ይቀራል። ብሪታኒያ በማጭበርበር የተያዘን ሰው እስከ 10 ዓመት ትከለክላለች። አሜሪካ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ልትከለክልህ ትችላለች። በወንድሜ ልጅ ላይ ደርሷል፣ ዝርዝሩን ተወኝ።

ሼንገን የተከፈለበት ትኬት የግድ አይልም። የበረራ ቦታ ማስያዣ ይበቃል። አየር መንገዱ ራሱ ለጥቂት ቀን ይይዝልሃል። በገዛ ፈቃድህ የሚሰረዝ ሆቴልም እንዲሁ። የባንክ ሂሳብህንም እንዳለ አሳይ። ማመልከቻው ሊገባ ሲል በአንድ ቀን ትልቅ ገንዘብ አታስገባ። የሚያዩት የገንዘቡን ብዛት ብቻ አይደለም። ከየት እንደመጣም ያያሉ። ከዘመድ ከሆነ የሰጠህ ሰው በደብዳቤ ይግለጽ።

መንገደኛዋ

ትኬት አገኘሁ! በአንድ ትኬት ነው፣ ሻንጣዬም እስከ መድረሻው ይሄዳል። መሸጋገሪያው ሀገር ለእኔ ፓስፖርት ከአዳራሽ ካልወጣሁ ቪዛ አይጠይቅም። ይህንን ለአየር መንገዱ ደውዬ ጠይቄያለሁ፤ በጽሑፍም ልከውልኛል። 12 እገባለሁ። 22 ላይ እወጣለሁ። መመለሻው በረራ 00:40 ነው። ለንደኑን ትተነዋል።

የቀን ቆጣሪ

እህቴ ቆዪ! አትክፈዪ። ከ12 እስከ 22 ስንት ቀን ነው? ቁጠሪው። 12፣ 13፣ 14... 11 ቀን ነው። 00:40 ማለት ከእኩለ ሌሊት በኋላ አርባ ደቂቃ ነው። 21 ማታ ኤርፖርት ትሄጂያለሽ፣ በረራው ግን የ22 ነው። ምናልባት ኢሚግሬሽን ከእኩለ ሌሊት በፊት ታልፊ ይሆናል። ሰልፍ ቢረዝም ወይም በረራው ቢሰረዝ ግን 11ኛው ቀን ላይ ነሽ። በመዝገባቸው ላይ ከተፈቀደልሽ በላይ ቆየሽ ተብሎ ይጻፋል። የሚቀጥለውን ቪዛ ያበላሽብሻል። የ21 ቀን በረራ ፈልጊ። ከተቻለ 20።

መንገደኛዋ

ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። ገና አልከፈልኩም ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ21 ከሰዓት በኋላ በረራ አለ። እሱን ያዝኩ። አሥረኛው ቀን ላይ ነው የምወጣው።

ካውንተር 11

ኢንሹራንስሽንስ? የገዛሽው በድሮው ቀን ነው። የሼንገን ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና ሙሉ ቆይታሽን የሚያካትት መሆን አለበት። ደውለሽ ቀኑን አስተካክዪ። የግብዣ ደብዳቤውን፣ የእህትሽን አድራሻና ስልክ፣ የመመለሻ ትኬቱንና ኢንሹራንሱን አትመሽ በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። ዋናው ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው። ሦስተኛው በር ላይ ስትቆሚ ሻንጣሽ ገና አልወጣም። ቪዛ እያለም ኦፊሰሩ ሊመልስ ይችላል። ለምን መጣሽ፣ ስንት ቀን፣ የት ታርፊያለሽ፣ ምን ያህል ገንዘብ ይዘሻል ይልሻል። በአጭሩ እውነቱን መልሺ። «ለእህቴ ምርቃት፣ አሥር ቀን፣ እሷ ጋ» በቂ ነው።

መሸጋገሪያሽ የቢጫ ወባ ያለበት ሀገር ከሆነና መድረሻሽ የክትባት ካርዱን የሚጠይቅ ከሆነ እሱንም እይ። አብዛኞቹ የሼንገን ሀገሮች አይጠይቁም። ሌላ ቦታ የምትሄዱ ግን አስቡበት። ብዙ ሀገሮች ቢጫ ወባ ባለበት ኤርፖርት ከ12 ሰዓት በላይ የቆየን ሰው ካርድ ይጠይቁታል። ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው ካርዱ የሚጸናው። ከዚያ ወዲያ የዕድሜ ልክ ነው። ከእ.ኤ.አ. ጁላይ 2016 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ መድገም ቀርቷል። የድሮ ካርድ ያላችሁም ያው ነው።

መንገደኛዋ

ኢንሹራንሱን አስቀይሬያለሁ፣ ከ12 እስከ 27 አድርጌዋለሁ። ወረቀቶቹን ሁሉ አትሜ በአንድ ፎልደር አስገብቻለሁ።

መንገደኛዋ

በር ላይ ነኝ፣ ልንሳፈር ነው። ያችው ልጅ ናት ቼክ ኢን ያደረገችኝ። አስታወሰችኝ። ሁለቱንም ቦርዲንግ ፓስ ሰጠችኝና የሻንጣውን ታግ አሳየችኝ። የመድረሻው ኤርፖርት ስም ተጽፎበታል። ለእህቴ ፎቶውን ልኬላታለሁ። ስደርስ ኦፊሰሩ ምን እንደጠየቀኝ እጽፍላችኋለሁ።

አሮጌ ሻንጣ

በሰላም ግቢ ልጄ። እንጠብቅሻለን።